ሰሃን ወደ ማጠቢያ ማሽን ከመግባቱ በፊት መለቅለቅ አለበት? ለወሎ ቤቶች የቀረበ መመሪያ

የጥያቄው አጭር መልስ «የለበትም» የሚል ነው። ሰሃኑ ላይ የቀረውን ትራፊ ጠርጎ ማውጣት ግዴታ ነው፤ ቧንቧ ከፍቶ ማለቅለቅ ግን በአብዛኛው ውሃ ማባከን ከመሆኑም በላይ አንዳንድ ጊዜ የማሽኑን ሥራ ያበላሻል። ይሁንና መልሱ ከነምክንያቱና ከነልዩ ሁኔታዎቹ ካልቀረበ ለወሎ ማድ ቤት ብዙም አይጠቅምም፤ ከማሽኑ ጋር የሚመጣው መጽሐፍ በሰሃን ላይ ስለ ደረቀ ሽሮ፣ በሲኒ ሥር ስለ ቀረ የቡና አተላና በፈረቃ ስለሚመጣ ውሃ አንድም ቃል አይናገርምና።

የዕቃ ማጠቢያ ማሽን በደሴም ሆነ በኮምቦልቻና በወልድያ ገና በየቤቱ የተለመደ ዕቃ አይደለም። ነገር ግን ስለ ማሽኑ የሚያውቅ ሰው ማግኘት አያስቸግርም። ወደ ሳዑዲ፣ ወደ ቤሩትና ወደ ዱባይ ተጉዘው በሰው ቤት ሲሠሩ የኖሩ እህቶች በየሰፈሩ አሉ፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ ማሽኑን የተማሩት «ማዳም» ባዘዘቻቸው መንገድ ነው፤ ሰሃኑ መጀመሪያ በእጅ ይታጠባል፣ ከዚያ ማሽን ውስጥ ይደረደራል። እንዲህ ያለው ትእዛዝ ከድካም በቀር የሚጨምረው ነገር የለም። በሌላ በኩል ደግሞ የማሽኑን አሠራር በሚገባ የተማረች ምራት ከአማቷ ጋር የምትከራከርበት ቤት አለ። አማት «ኧረ ልጄ፣ ሰሃን ከነእድፉ ሳጥን ውስጥ ተከቶ ሲዘጋ ምን ይባላል!» ብለው ሲነሡ፣ ምራት «እማማ፣ ይተዉት፤ ፍርፋሪውን ብቻ ጠርገው ይስጡኝ» ትላለች። የአማት ስጋት ከንጽሕና የመነጨ ስለሆነ ሊናቅ አይገባም፤ ምራት ግን እውነት አላት።

ሳሙናው የሚሠራው ሥራ

በአሁኑ ጊዜ የሚሸጠው የማሽን ሳሙና፣ ዱቄትም ይሁን እንክብል፣ በእጅ ከምናጥብበት ሳሙና ጋር በስም እንጂ በጠባይ አይገናኝም። አረፋው እጅግ ጥቂት ነው፤ አልካሊ የሚባል፣ ቅባትን የሚበታትንና እጅን የሚያቃጥል ኃይል አለው፤ አብዛኛው ደግሞ ኢንዛይም የሚባሉ፣ ምግብን የሚቆራርጡ ንጥረ ነገሮች አሉበት። ፕሮቲዬዝ የተባለው ኢንዛይም የእንቁላልን፣ የሥጋንና የጥራጥሬን ፕሮቲን ይበጣጥሳል፤ አሚሌዝ የተባለው ደግሞ በእንጀራ፣ በገንፎ፣ በሩዝና በሾርባ ውስጥ ያለውን ስታርች ይፈታል። ሽሮ ከሽምብራ፣ ከአተር ወይም ከባቄላ ስለሚዘጋጅ ስታርቹም ፕሮቲኑም አንድ ላይ አሉበት፤ ሰሃን ላይ ሲደርቅ እንደ ሙጫ የሚይዘውም በዚሁ ምክንያት ነው። ስፖንጅ በጉልበት የሚታገለውን ያንን ቅርፊት ኢንዛይሙ በጊዜና በሙቀት ያላላዋል።

ከዓመታት በፊት ከዚህ ሥራ ብዙውን የሚሸከመው ፎስፌት የተባለው ኬሚካል ነበር። ፎስፌት ከፍሳሽ ጋር ወደ ወንዝና ወደ ሐይቅ ሲገባ አልጌን፣ ማለትም ውሃ ላይ የሚንሳፈፈውን አረንጓዴ ነገር፣ ከመጠን በላይ ስለሚያበዛ፣ የአውሮፓ ኅብረት ከ2017 እ.ኤ.አ. መግቢያ ጀምሮ ለቤት በሚውል የማሽን ሳሙና ውስጥ መጠኑን በጥብቅ ገድቦታል። የሐይቅ ከተማ ሰው የዚህ ገደብ ጥቅም ሳይነገረው ይገባዋል። ከዚያ ወዲህ ኢንዛይሞች የያዙት ድርሻ ጨምሯል፤ ኢንዛይም ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። በደንብ የሚሠራውም ውሃው ከ40 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ሲሆን ነው። «ኢኮ» የተባለው የማሽኑ ፕሮግራም ሦስት ሰዓትና ከዚያም በላይ የሚፈጅበት ምክንያት ይኸው ነው፤ ውሃውን በመጠኑ አሙቆ ሳሙናው ተረጋግቶ እንዲሠራ ይተወዋል። ብዙ ሰው ማሽኑ የተበላሸ መስሎት ወደ ፈጣኑ ፕሮግራም ይሸሻል። በ30 ደቂቃ የሚያልቀው ፕሮግራም ለኢንዛይሙ በቂ ጊዜ ስለማይሰጥ፣ ማለቅለቅ ትርጉም የሚኖረው እንግዲህ ያኔ ነው፤ እንግዳ በር ላይ ቆሞ ሰሃን ካላስቸኮለ በቀር ግን ፈጣኑን ፕሮግራም መምረጥ አይመከርም።

ሌላው ጉዳይ ሴንሰሩ ነው። «አውቶ» የሚል ፕሮግራም ባላቸው ብዙ ማሽኖች ውስጥ የውሃውን መደፍረስ የሚለካ ትንሽ መሣሪያ አለ። ከአንድ ወገን ብርሃን ይለቃል፤ ከወዲያኛው ወገን ያለው ተቀባይ በውሃው ውስጥ አልፎ የደረሰውን ብርሃን ይመዝናል። ውሃው ከደፈረሰ የሚያልፈው ብርሃን ያንሳል፣ ማሽኑም ሙቀቱን፣ ውሃውንና ጊዜውን ይጨምራል። ሰሃኑ አስቀድሞ ከተለቀለቀ ግን የመጀመሪያው ውሃ ጥርት ብሎ ስለሚታይ፣ ማሽኑ «ዕቃው ብዙም አልቆሸሸም» ብሎ ይወስንና ሥራውን ያሳጥራል። በዚህ መሐል በለቅላቂው እጅ ያልተነካው፣ ድስቱ ጥግ ላይ የተጋገረው ወጥ እንዳለ ይቀራል። ሰሃኑን አለቅልቆ ድስቱን እንደ ነበረ የሚከት ሰው በገዛ እጁ ማሽኑን ያሳስተዋል።

የውሃው ሂሳብ

አንድ መካከለኛ የማድ ቤት ቧንቧ ተከፍቶ ሲፈስ በደቂቃ ከ6 እስከ 10 ሊትር ያወጣል። የአንድ ቤተሰብ የምሳ ዕቃ ቧንቧው እንደ ተከፈተ አምስት ደቂቃ ያህል ቢለቀለቅ በትንሹ ግምት 30 ሊትር ሄደ ማለት ነው፤ ይህም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አንድ ተኩል ነው። ዘመናዊ ማሽን ግን ለሙሉው እጥበት ከ10 እስከ 15 ሊትር ብቻ ይጠቀማል፤ ያንኑ ውሃ እያጣራ ደጋግሞ ስለሚረጨው ነው። አሮጌ ማሽኖች ከዚህ በእጥፍና ከዚያም በላይ ሊወስዱ ስለሚችሉ፣ ያገለገለ ማሽን የሚገዛ ሰው በጎኑ ወይም በመመሪያው ላይ የተጻፈውን የሊትር መጠን አስቀድሞ ቢያይ ይበጃል።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ሮቶ ሞልቶ ቀናት በሚጠበቅበት ቤት፣ ይህ ልዩነት ተራ ቁጥር አይደለም። በሁለት ሳፋ፣ አንዱን ለሳሙና አንዱን ለማጥሪያ አድርጎ፣ ተጠንቅቆ የሚያጥብ ሰው ከማሽኑ ጋር ተቀራራቢ ውሃ ሊጠቀም ይችላል፤ ይህን የሚክድ የማሽን ሻጭ ካለ አይታመን። የከፋው ምርጫ ሁለቱን መደረብ ነው፤ ለማለቅለቁ አንድ ጀሪካን ተኩል፣ ለማሽኑ ደግሞ ሌላ ግማሽ ጀሪካን።

አጠራረጉ

መጥረግ ሲባል ሰሃኑን ገልብጦ በቅርጫት ጠርዝ ላይ መታ መታ ማድረግ ብቻ አይደለም። በውሃ የማይሟሟውንና ሊቆራረጥ የማይችለውን ሁሉ ማንሣት ይገባል፤ አጥንት፣ የቃሪያ ፍሬ፣ የሎሚ ዘር፣ የስንጥር እንጨት፣ የሶፍት ቁራጭ፣ የሚጥሚጣ ፍሬ፣ የሥጋ ጅማት። ከሁሉም አደገኛው ስንጥርና የአጥንት ስባሪ ነው፤ ማጥለያውን አልፎ ፓምፑ ውስጥ ከገባ ወጪ ያስወጣል።

በእኛ ቤት አመጋገብ አብዛኛው ምግብ በአንድ ትሪ ላይ ስለሚቀርብና ከሥሩ እንጀራ ስለሚነጠፍ፣ የትሪው ወለል ብዙም አይቆሽሽም። የሚያስቸግረው ወጡን የጠጣው የታችኛው እንጀራ ነው። ይህ እንጀራ እርጥብ ሳለ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ተጠቅልሎ ሲነሣ የትሪውን ቅባትና ቅመም አብሮ ይወስዳል፤ ማዕድ እንደ ተነሣ መደረግ ያለበትም በዚህ ምክንያት ነው። ግማሽ ሰዓት ከቆየ ግን ጠርዙ ደርቆ ስስ ሽፋን ሆኖ ይቀራል፣ በጥፍር ካልሆነ አይነሣም። ለየብቻ በተበላበት ሰሃን ላይ ደግሞ የተረፈችውን ቁራሽ እንጀራ ይዞ ሰሃኑን ዙሪያውን መጥረግ ከማንኛውም ስፖንጅ የበለጠ ይሠራል። ቁራሹ ለውሻ ወይም ለዶሮ ይሄዳል እንጂ ጥራጊ አይሆንም። እንጀራ ካልተረፈ የላስቲክ መጥረጊያ ወይም ያገለገለ ሶፍት ይበቃል።

በቅቤ የተሠራ ወጥ የተበላበትን ሰሃን በደሴ ቀዝቃዛ ውሃ ማለቅለቅ ከንቱ ብቻ ሳይሆን ጎጂ ነው። ቅቤ ከ30 ዲግሪ ጥቂት ከፍ ሲል ነው የሚቀልጠው፤ ጠዋት ከቧንቧ የሚወርደው የደሴ ውሃ ያገኘውን ቅቤ ወዲያው ያረጋዋል። ከሰሃኑ የተላቀቀው ጥቂት ቅቤ ወደ ፍሳሽ ቱቦው ወርዶ ግድግዳው ላይ ይጋገራል፤ በጊዜ ብዛት ቱቦው ይዘጋና ቧንቧ ሠራተኛ ይጠራል። ማሽኑ ግን በሞቀ ውሃና በአልካሊ ሳሙና ቅባቱን በታትኖ ነው የሚያስወጣው። ቀይ ወጥ ላይ የረበበውን ዘይት በሶፍት ጠርጎ ማንሣቱ በቂ ነው። በነገራችን ላይ፣ የበርበሬውና የእርዱ ቀለም የፕላስቲክ ዕቃን የሚነክረው በቅባቱ ውስጥ ሟሙቶ ስለሆነ፣ ፕላስቲኩን ቶሎ መጥረግ ከማለቅለቅ ይበልጣል፤ እርድ የነከረውን ደግሞ ፀሐይ ላይ ማዋል ቀለሙን ያደበዝዘዋል።

መለቅለቅ ያለባቸው

ከላይ የተባለው ሁሉ እንደ ተጠበቀ ሆኖ፣ በእኛ ማድ ቤት ሳይለቀለቁ መግባት የሌለባቸው ዕቃዎች አሉ። የመጀመሪያው ሲኒ ነው። የቡና አተላ ስታርችም ቅባትም ስላልሆነ ኢንዛይሙም ሳሙናውም አያሟሙትም። ውሃው ጠርጎ ይወስደዋል፣ ደቃቁ ማጥለያውን ያልፋል፣ እንደ ገና ተረጭቶ ብርጭቆዎች ላይ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ያርፋል። ወሎ ውስጥ ቡና ያለ አቦል፣ ቶናና በረካ አይጠጣም፤ በመሐሉ ሲኒው እየተለቀለቀ ስለሚቀዳበት አተላው በብዛት የሚቀረው ከበረካ በኋላ ነው። ለዚህ ቧንቧ መክፈት አያስፈልግም። በአንዱ ሲኒ ላይ ጥቂት ውሃ አፍስሶ አዙሮ ወደ ሁለተኛው መገልበጥ፣ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው፣ እንዲህ እያሉ እስከ ረከቦቱ ጫፍ መድረስ ይቻላል፤ አንድ ብርጭቆ ውሃ ለሙሉው ረከቦት ይበቃል። የመጨረሻው ጥቁር ውሃ የአበባ ሥር ይደፋል። ጠርዙ በወርቅ ቀለም የተቀባ ሲኒ ግን ለቅልቆም ቢሆን ማሽን ውስጥ አይገባም፤ ሳሙናው ወርቁን በጊዜ ብዛት ይልጠዋል።

ሁለተኛው ቡሆ የነካው ዕቃ ነው። የሊጥ ማቡኪያ፣ የመጥለቂያ ጣሳና ማንኪያ ላይ የደረቀ ቡሆ በብዛት ሲገባ ኢንዛይሙ ጊዜ ያጥረዋል፤ የተላቀቀውም ክፍል እንደ ዝልግልግ ሆኖ ማጥለያው ላይ ይተኛል። የገንፎና የአጥሚት ድስትም ከዚሁ ይመደባል። እነዚህን በትንሽ ውሃ ዘፍዝፎ፣ ቅርፊቱ ሲላላ ፍቆ መድፋት ነው። የተልባ ዕቃ ደግሞ ልጋጉ ስለሚያስቸግር ገና እርጥብ ሳለ መለቅለቅ አለበት።

ሦስተኛው ዕቃ ሳይሆን ሁኔታ ነው፤ ማሽኑ እስኪሞላ ከአንድ ቀን በላይ የሚቆይ ከሆነ ማለት ነው። በጥቂት ሰው ቤት ማሽኑ በሁለት ወይም በሦስት ቀን አንዴ ነው የሚሞላው። በዚያ መሐል ምግቡ ይሸታል፤ ከዚህም በላይ ጨው፣ ቲማቲምና ሎሚ የነካው የብረት ማንኪያ ለረጅም ጊዜ ሲቆይ ነጠብጣብ ያወጣል፣ ይበላል። ብዙ ማሽኖች ለዚህ የሚሆን ያለ ሳሙና የሚሠራ፣ ጥቂት ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ የሚረጭ አጭር የማለቅለቂያ ፕሮግራም አላቸው፤ በእጅ ከማለቅለቅ ያነሰ ውሃ ስለሚወስድ ተመራጭ ነው። መብራት ከሌለ ደግሞ በሳፋ ጥቂት ውሃ አድርጎ ሁሉንም በዚያው መንከር ይቻላል። በረመዳን የኢፍጣር ሾርባ ሳህንና የሳምቡሳ ትሪ ማታ ተጠርጎ ከተደረደረ፣ የሱሁሩን ዕቃ ጨምሮ ሌሊት ማስነሣት ነው፤ ይህን ያህል ሰዓት መቆየቱ ማለቅለቅ አያስፈልገውም፣ ሌሊቱም የመብራት ተጠቃሚ የሚቀንስበት ጊዜ ስለሆነ ይመቻል።

አደራደር

ሳይለቀለቅ የገባ ሰሃን ንጹሕ ሆኖ እንዲወጣ የሚወስነው አደራደሩ ነው። ጆሴፊን ኮክሬን የተባለችው አሜሪካዊት በኢሊኖይ ግዛት ሼልቢቪል በምትባል ከተማ ሠርታ፣ በታኅሣሥ 1886 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያገኘችበትና በ1893ቱ የቺካጎ ኤግዚቢሽን ላይ ያሳየችው ማሽን ዕቃውን በብሩሽ አልነበረም የሚያጥበው፤ በየዕቃው ልክ በተሠራ የሽቦ ቤት ውስጥ በተቀመጠ ሰሃን ላይ በግፊት ውሃ በመርጨት ነበር። ዛሬም መሠረቱ ያው ነው። ውሃ ያልደረሰበት ቦታ አይጠራም፤ ተለቅልቆ ስለ ገባም የሚለወጥ ነገር የለም።

ስለዚህ የሰሃኑ የቆሸሸ ፊት ወደ ማሽኑ መሐል መዞር አለበት። ሲኒ፣ ብርጭቆና ትንንሽ ሳህን በላይኛው መደርደሪያ ላይ ተደፍተው ጥቂት ጋደል ይላሉ፤ ድስትና ትልልቅ ሰሃን ከታች ይሆናሉ። ማንኪያ በማንኪያ ላይ ተነባብሮ እንዳይቀመጥ አንዱን ወደ ላይ አንዱን ወደ ታች ማድረግ ይቻላል። ትልቁ የምግብ ትሪ ብዙውን ጊዜ አይበቃም፤ በግድ ከተከተተ የሚሽከረከረውን የውሃ መርጫ ያስቆማል ወይም የሳሙናውን ክዳን ይዘጋል፣ እንክብሉም ሳይወድቅ እዚያው ይቀራል። በሩን ከመዝጋት በፊት መርጫውን በጣት አንድ ጊዜ አዙሮ መፈተሽ ጥሩ ልማድ ነው። እንክብሉን ከማሽኑ ወለል ላይ የሚጥሉም አሉ፤ በመጀመሪያው የማለቅለቂያ ውሃ ሟሙቶ አብሮ ስለሚወጣ ለዋናው እጥበት ምንም አይተርፍም።

ጀበና፣ የሸክላ ድስት፣ የእንጨት ማንኪያ፣ የቀንድ ዋንጫና የብረት ምጣድ በማናቸውም ሁኔታ ማሽን ውስጥ አይገቡም። ሸክላው ሳሙናውን ይመጥና በሚቀጥለው ቡና ላይ ይመልሰዋል፤ እንጨቱ ይሰነጠቃል፤ ብረቱ ይዝጋል። የአሉሚኒየም ድስትም በአልካሊው ይጠቁራል። ብርሌ አንገቱ ጠባብ ስለሆነ ውሃው ሆዱ ውስጥ አይገባም፤ በእጅ ይሁን።

ሳሙና፣ ጨውና ማጥለያ

በየሱቁ የሚሸጠውን ፈሳሽ ሳሙና፣ በተለምዶ ላርጎ የምንለውን፣ ወይም የልብስ ዱቄት በማሽኑ ውስጥ መጨመር ክልክል ነው። ጥቂት ጠብታ እንኳን አረፋ ሆኖ በበሩ ሥር ወለሉን ያጥለቀልቃል፤ አረፋው የፓምፑንም ግፊት ይገድለዋል። የማሽን ሳሙና ሲጠፋ ዕቃውን በእጅ ማጠብ ይሻላል።

የውሃውን ጠባይ ለማወቅ የሻይ ማንቆርቆሪያውን ሆድ ማየት በቂ ነው። ነጭ ቅርፊት ከያዘ ውሃው ኖራ የበዛበት ነው፤ ብርጭቆው ላይ የሚታየውን ነጭ ጉም ደግሞ ማለቅለቅ አያስወግደውም። በማሽኑ ወለል የጨው ማስቀመጫ ካለ፣ ውሃውን የሚያለሰልሰው ክፍል የሚታደሰው በዚያ ጨው ነው። ለዚህ የሚሆነው ለማሽን ተብሎ የተዘጋጀው ጥራጥሬው ሻካራ የሆነ ንጹሕ ጨው ነው። ከአፋር የሚመጣው ጨው ለወጥ ቢጣፍጥም አፈርና ሌላ ማዕድን ስለሚቀላቀልበት፣ የገበታውም ጨው እጅግ ደቃቅ ከመሆኑ በላይ እንዳይጋገር የሚጨመርበት ነገር ስላለ፣ ሁለቱም ክፍሉን ይዘጉታል።

ማጥለያው ያለው ከታችኛው መርጫ ሥር ነው። አዙሮ በመንቀል የሚወጣ ሲሆን፣ ሳይለቀልቁ የሚጠቀሙ ሰዎች ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ሊያጥቡት ይገባል። ሲወጣ የሚታየው ነገር የአጠራረግን ጉድለት ይናገራል፤ የቃሪያ ፍሬና የሽንኩርት ልጣጭ ከበዛ ሰሃኑ በደንብ አልተጠረገም፣ ጥቁር ጭቃ ከሆነ ሲኒው ከነአተላው ገብቷል፣ ነጭ ዝልግልግ ከሆነ የቡሆ ዕቃ ሳይዘፈዘፍ ተደርድሯል። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በቀጭን ውሃ ይጸዳል፤ ሲመለስ እስኪገጥም ድረስ መጥበቅ አለበት፣ ካልገጠመ ትራፊው በጎኑ ያልፋል።

ውሃና መብራት

ሮቶ ላይ ለተማመነ ቤት አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። ማሽኖች በብዛት ቢያንስ ከ0.3 እስከ 0.5 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) የሚደርስ የውሃ ግፊት ይፈልጋሉ። አሥር ሜትር ከፍታ አንድ ባር ያህል ስለሚሰጥ፣ 0.5 ባር ለማግኘት ሮቶው ከማሽኑ በላይ አምስት ሜትር ያህል መሰቀል አለበት። በግቢ ውስጥ ሦስት ሜትር ማማ ላይ የተቀመጠ ሮቶ ጠርዝ ላይ ነው፤ ማሽኑ ውሃ አልመጣም ብሎ በመሐል ሊቆም ይችላል፣ ትንሽ ፓምፕም ይፈልጋል።

ማሽኑ ውሃ ሲያሞቅ ከ1.8 እስከ 2.4 ኪሎ ዋት ይስባል፤ ይህም በ220 ቮልት 10 አምፔር ገደማ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ስለሚወስድ፣ እንጀራ እየተጋገረ ማሽኑን ማስነሣት ብሬከሩን ሊያወርድ ይችላል። በእጥበት መሐል መብራት ቢሄድ በሩን አለመክፈት ይሻላል፤ አብዛኞቹ ማሽኖች መብራቱ ሲመለስ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። በነገራችን ላይ ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው ከ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ማሽኑ ግን ከ70 ዲግሪ እምብዛም ስለማያልፍ ይህ አያሰጋውም። የሚለወጠው የሚገባው ውሃ ከኮምቦልቻው ይልቅ ቀዝቃዛ በመሆኑ ለማሞቅ የሚፈጀው ጊዜ ነው።

ሰሃኑ ሳይጠራ ሲወጣ

ያልተለቀለቀ ሰሃን ቆሽሾ ሲወጣ ወዲያው ወደ ማለቅለቅ መመለስ አያስፈልግም። መጀመሪያ ማጥለያውን ማውጣት ነው፤ ከተዘጋ ማሽኑ የሚረጨው ቆሻሻ ውሃ ነው። ቀጥሎ የመርጫው ቀዳዳዎች በመርፌ ይፈተሻሉ፤ የሎሚ ዘር ወይም የኖራ ቅርፊት አንዱን ቀዳዳ ቢዘጋ በዚያ በኩል ያለው ሰሃን ብቻ ነው ቆሽሾ የሚወጣው። ከዚያ የሳሙናው ክዳን ተከፍቶ እንደ ነበር ይታያል፤ እንክብሉ እርጥብ ሆኖ እዚያው ከተገኘ አደራደሩ ነው ጥፋተኛው። ሳሙናውም ከረጢቱ ተከፍቶ በእርጥበት ቆይቶ ከሆነ ኃይሉን አጥቷል። እነዚህ ሁሉ ደህና ሆነው ሰሃኑ አሁንም ካልጠራ፣ ከኢኮው ይልቅ በ65 ወይም በ70 ዲግሪ የሚሠራው የድስት ፕሮግራም አንድ ጊዜ ይሞከራል። ሽሮው በዚያም ካልለቀቀ ያንኑ ሰሃን ብቻ መዘፍዘፍ ነው፤ የቀሩት ተጠርገው ይግቡ።